የረዥም ርቀት ሩጫ አሠልጣኝ ተሰሚነት ከምን ይመነጫል? ከኢትዮጵያ ታሪክ ለደቡብ ኦሞ ትምህርት ቤቶች የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ የረዥም ርቀት ሩጫ ሲነገር በቅድሚያ የሚነሡት ሯጮቹ ናቸው። አበበ ቢቂላ፣ ማሞ ወልዴ፣ ምሩፅ ይፍጠር፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በሕፃናት አንደበት ሳይቀር የሚጠሩ ስሞች ናቸው። ከእነርሱ ኋላ ቆመው ሰዓት የቆጠሩት፣ ያበረታቱትና የገሠጹት አሠልጣኞች ግን እምብዛም አይወሱም። ለትምህርት ባለሙያ ግን ጠቃሚው ታሪክ በአብዛኛው የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ነው፤ ሯጭን በአዋጅ መውለድ አይቻልምና፣ አሠልጣኝን ግን በትምህርትና በምደባ ማፍራት ይቻላል።

ጥያቄው በተለይ እንደ ደቡብ ኦሞ ላለ አካባቢ ይበልጥ ይከብዳል። በጂንካም ሆነ በቆላው ወረዳዎች አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የሚሠራው ከዋና ከተማው ስታዲየም ርቆ፣ በጥቂት መሣሪያ፣ ብዙ ቋንቋ ከሚናገሩ ልጆች ጋር ነው። እንዲህ ያለው መምህር በልጆቹ ሕይወት ላይ ዘላቂ ተጽዕኖ ሊኖረው የሚችለው በምን መንገድ ነው? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በታሪክ አማካይነት ይመረምራል። በመጀመሪያ የአገሪቱን ዋና ዋና አሠልጣኞች ሥራ በዘመን ቅደም ተከተል ያያል፤ ቀጥሎም ከሌሎች አገሮች ሁለት ማነጻጸሪያዎችን ያቀርባል፤ በመጨረሻም ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚበጀውን ያመለክታል።

ከጦር ሠፈር የተጀመረው ሥልጠና

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የሩጫ ሥልጠና ሥር የያዘው በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ነው። በፊንላንድ ተወልደው በስዊድን ያደጉት ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ለክብር ዘበኛ እጩ መኮንኖች የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለመስጠት ነበር። ከዚያም በትምህርት ሚኒስቴር በዚሁ የትምህርት ዓይነት ኃላፊነት ተሰጥቷቸው ሠርተዋል፤ በኋለኛው ዘመናቸውም በቀይ መስቀልና በሥጋ ደዌ ሕሙማን አገልግሎት ተሠማርተው ነበር። ከዚህ እንደሚታየው፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታላቅ የሩጫ አሠልጣኝ በሙያቸው መምህር ነበሩ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በሜልቦርን፣ በ1949 ዓ.ም. ነው። በዚያ ውድድር ሜዳሊያ አልተገኘም። ሆኖም ሯጮቹም ኃላፊዎቹም ከሌላው ዓለም ጋር ያላቸውን ርቀት ለክተው ተመለሱ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ የሮማን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ፈጸመ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ በዚያው ውድድር ሰባተኛ ሆነ።

በሮማው ድል ውስጥ የአሠልጣኙ ድርሻ የት እንደ ነበረ መመርመር ይገባል። ኒስካነንና አበበ የመሮጫውን መንገድ አስቀድመው ተመልክተው ነበር። ከአክሱም ተወስዶ በሮማ አደባባይ የቆመው ሐውልት ከመጨረሻው መሥመር ብዙም የማይርቅ በመሆኑ፣ አበበ ወደ ፊት ተፈትልኮ የሚወጣበት ምልክት እንዲሆን ተመረጠ። አሠልጣኙ ዋነኛ ተቀናቃኝ ይሆናል ብለው የነገሩት የሞሮኮውን ራዲን ሲሆን፣ መለያ ቁጥሩ 26 እንደሆነ ተገልጾለት ነበር። ይሁን እንጂ ራዲ በዚያ ምሽት የሮጠው 185 ቁጥርን ለብሶ ነበር። አበበ 26 ቁጥርን እየፈለገ ከ185ቱ ሰው ጎን ለጎን ብዙ መንገድ ተጓዘ፤ ሐውልቱ ዘንድ ሲደርስም በተወሰነው መሠረት ጥሎት ሄደ። አሠልጣኙ የሰጡት አንድ መረጃ ባይሠራም ሯጩ አልተደናገረም። ዕቅዱ በቁጥር ላይ ሳይሆን ሯጩ በዓይኑ አይቶ ባመነበት ቦታ ላይ የተመሠረተ ነበርና። ጥሩ ሥልጠና ተማሪውን ከመምህሩ ቃል ውጭም እንዲሠራ የሚያበቃው መሆኑን ይህ ያስረዳል።

አበበ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በሳምንታት ውስጥ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ አሸነፈ። ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ኦሎምፒክ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ከእንግዳ አሠልጣኝ ወደ አገር ልጅ

የአንድ አሠልጣኝ ሥራ እውነተኛ መለኪያ እርሱ ከሄደ በኋላ የሚሆነው ነው። የኒስካነን ሥራ በዚህ መለኪያ ሲታይ ፍሬያማ ነበር፤ ኃላፊነቱን የተረከቡት የአገር ልጆች ናቸውና። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ማራቶንን ሲያሸንፍና በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ሲወጣ አሠልጣኙ አቶ ንጉሤ ሮባ ነበሩ።

የአቶ ንጉሤ ዘመን ድልና ፈተና የተፈራረቁበት ነበር። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ቢወጣም፣ ለ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ በሰዓቱ ባለመድረሱ ከውድድሩ ውጭ ሆነ። ቀጥሎ በሞንትሪያል በተካሄደው ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር አልተካፈለችም። ስለዚህ ምሩፅ ዕድሉን ያገኘው በስምንተኛው ዓመት፣ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሲሆን፣ 10,000ውንም 5,000ውንም አሸነፈ። በ10,000 ሜትሩ መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ ሆኑ፤ እሸቱ ቱራም በ3,000 ሜትር መሰናክል ነሐስ አገኘ። ስምንት ዓመት በኦሎምፒክ ያልተወዳደረን ሯጭ በየማለዳው ከአልጋ የሚያስነሣው ሽልማት ብቻ አይደለም። በዚያ ረዥም ጊዜ ውስጥ የአሠልጣኝ ተሰሚነት የሚፈተነው ድል በሌለበት ወራት ሥርዓቱን ጠብቆ ማቆየት በመቻሉ ነው።

በመጋቢት 1973 ዓ.ም. በማድሪድ የተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድርም የሚያስተምረው አለ። ኢትዮጵያውያን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈሉበት በዚህ ውድድር ሯጮቹ የዙሩን ቁጥር በመሳሳት አንድ ዙር ሲቀር የመጨረሻ መስሏቸው ጉልበታቸውን ጨርሰው ፈተለኩ። ስሕተቱ ሲታወቅ እንደገና መሮጥ ነበረባቸው። ያም ሆኖ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጣ፤ ቡድኑም አንደኛ ሆነ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንዶች ቡድን ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ይህን ውድድር አሸንፏል። የሙኒኩ መዘግየትና የማድሪዱ የቆጠራ ስሕተት የሚያሳዩት፣ የሥልጠና ሥራ የሳንባና የእግር ብቻ አለመሆኑን ነው። ሰዓት ማክበር፣ ደንብ ማንበብና ዙር መቁጠር የሥልጠናው አካል ናቸው።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግንባር ቀደሙ ስም የዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ ነው። በሃንጋሪ የተማሩት ዶክተር ወልደ መስቀል ሳይንሱን ከጠበቀ ሥነ ሥርዓት ጋር አጣምረው በብሔራዊ ቡድኑ ላይ ለረዥም ዓመታት ሠርተዋል። ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታ፣ በኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ስትሆን፣ ፋጡማ ሮባ ደግሞ በሐምሌ 1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። የኃይሌና የቀነኒሳ ድሎችም የዚሁ ዘመን ናቸው። ዶክተር ወልደ መስቀል በግንቦት 2008 ዓ.ም. አርፈዋል። በሞስኮ አራተኛ የወጣው ቶሎሳ ቆቱ በጎናቸው አሠልጣኝ ሆኖ መሥራቱ፣ ያኔ የሮጠ ትውልድ ቀጣዩን ትውልድ ለማስተማር መድረሱን ያሳያል።

በቆጂ፦ የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ

ከላይ የተጠቀሱት አሠልጣኞች የሠሩት ከብሔራዊ ቡድን ጋር ነው። ወደ እነርሱ የሚደርሰው ልጅ ግን አስቀድሞ በአንድ ሰው ዓይን መታየት አለበት። በዚህ ረገድ ለመምህራን ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ በአርሲ፣ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው የበቆጂ ከተማ ነው። ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ የዚህችው ከተማና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኦሎምፒክ በወንዶችም በሴቶችም በ5,000 እና በ10,000 ሜትር የተሰጡትን አራት የወርቅ ሜዳሊያዎች የወሰዱት ቀነኒሳና ጥሩነሽ ነበሩ።

በበቆጂ ሥራውን የጀመሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ከሌላ አካባቢ የመጡ መምህር ቢሆኑም በከተማዋ ለአሥርተ ዓመታት ቆዩ። ሥልጠናው የሚካሄደው ማለዳ፣ በሜዳና በባሕር ዛፍ ደን መካከል፣ ሴትና ወንድ ልጆች በአንድነት ሆነው ነበር። የአቶ ስንታየሁ ሥራ ዋነኛ ኃይል በሦስት ነገሮች ላይ ያረፈ ይመስላል። አንደኛ፣ በየዓመቱ የሚመጡትን ልጆች ሁሉ በክፍለ ጊዜያቸው የማየት ዕድል ነበራቸው። ሁለተኛ፣ በአንድ ቦታ በመቆየታቸው የታላቁን ምሳሌ ለታናሹ ማሳየት ቻሉ። ሦስተኛ፣ ልጁን ወደሚቀጥለው ደረጃ፣ ማለትም ወደ ክለብና ወደ ብሔራዊ አሠልጣኞች ማስተላለፍን እንደ ሥራቸው ግብ እንጂ እንደ ኪሣራ አልቆጠሩትም።

ከፍታውና የአየር ጠባዩ የረዱ መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን በኢትዮጵያ የበቆጂን ያህል ከፍታ ያላቸው ከተሞች ብዙ ናቸው፤ የበቆጂን ያህል ሯጭ ያፈሩት ግን ጥቂት ናቸው። ልዩነቱን ከፍታ ብቻውን ሊያስረዳው አይችልም።

ከሌሎች አገሮች ሁለት ማነጻጸሪያዎች

አበበ በሮማ ባሸነፈበት በዚያው ኦሎምፒክ ሌላ አሠልጣኝም ለዓለም ተገልጦ ነበር። ይህም ኑሮውን በጫማ ሥራ ይመራ የነበረው የኒውዚላንዱ አርተር ሊዲያርድ ነው። ፒተር ስኔል በ800 ሜትር፣ መሪ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር በአንድ ቀን ወርቅ ሲያገኙ፣ በአበበ ማራቶን ሦስተኛ የወጣው ባሪ መጊም የእርሱ ተማሪ ነበር። ሊዲያርድ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ያህል በመሮጥ መሠረት የመጣልን ዘዴ አስቀድሞ የሞከረው በራሱ ሰውነት ላይ ነው። ሯጮቹ በአመዛኙ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። በኋላም ወደ ፊንላንድ ተጉዞ ለአሠልጣኞች ዘዴውን አስተማረ፤ ፊንላንድም በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በላሴ ቪረን አማካይነት 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈች። የሊዲያርድ ተጽዕኖ ከአገሩ ያለፈው አሠልጣኞችን ስላሠለጠነ ነው።

ሁለተኛው ማነጻጸሪያ በጎረቤት ኬንያ ይገኛል። አየርላንዳዊው ወንድም ኮልም ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ1976 በኢቴን ወደሚገኘው የቅዱስ ፓትሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጡት ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ነበር። የሩጫ ሥልጠና ትምህርት አልነበራቸውም፤ እያዩና እያዳመጡ ተማሩ። ለጥቂት ጊዜ ብለው የመጡት መምህር በዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል 1,500 ሜትርን ያሸነፈው ፒተር ሮኖና በ2012 በለንደን የ800 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ዴቪድ ሩዲሻ በእጃቸው ያለፉ ናቸው።

ለደቡብ ኦሞ ይበልጥ የሚቀርብ አንድ ሌላ ስምም አለ። በዚያው በሴኡል 800 ሜትርን ያሸነፈው ፖል ኤሬንግ በትውልዱ ከቱርካና ሕዝብ ነው። ቱርካናዎች የዳሰነችና የኛንጋቶም ጎረቤቶች፣ በቆላ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ናቸው። ኤሬንግ የተማረው ናይሮቢ በሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከአርብቶ አደር ሕዝብ የተወለደን ልጅ ወደ ዓለም መድረክ ያደረሰው መንገድ በትምህርት ቤት በር በኩል አለፈ።

የተሰሚነት ምንጮች

ከእነዚህ ታሪኮች የሚወጡት መደምደሚያዎች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

1. ጽናት። ኒስካነን፣ ንጉሤ፣ ወልደ መስቀል፣ ስንታየሁና ኦኮኔል በአንድ አገር ወይም በአንድ ከተማ ለረዥም ዓመታት ሠርተዋል። በረዥም ርቀት ሩጫ አንድ ልጅ ለፍሬ የሚበቃው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ዓመት የሚለቅ አሠልጣኝ የዘራውን አያጭድም፤ የሚተካውም ምን እንደ ተዘራ አያውቅም።

2. ተቋም። ክብር ዘበኛ፣ ትምህርት ቤት፣ ክለብና ብሔራዊ ቡድን ባይኖሩ ኖሮ የእነዚህ ሰዎች ዕውቀት በግል ዝንባሌ ይቀር ነበር።

3. ዕውቀትን ማስተላለፍ። ተሰሚ አሠልጣኝ ምክንያቱን ያስረዳል፤ የሠራውን ይመዘግባል፤ ተተኪ ያዘጋጃል። ምሥጢሩን ለራሱ የሚያኖር አሠልጣኝ አንድ ሻምፒዮን ሊያፈራ ይችላል፤ ትውልድ ግን አያፈራም።

4. መታመን። ወላጅ ልጁን፣ ይልቁንም ሴት ልጁን፣ በማለዳ ወደ ሜዳ የሚልከው ሰውዬውን ካመነ ነው። ይህ እምነት የሚጸናው አሠልጣኙ የልጁን ትምህርት፣ ጤናና ዕድሜ ከሜዳሊያ በላይ ሲያከብር ነው።

ጂንካና ደቡብ ኦሞ

ጂንካ ለረዥም ዘመን የደቡብ ኦሞ አስተዳደር ማዕከል ሆና የቆየች ከተማ ናት፤ አካባቢው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ይጠቃለላል። ከተማዋ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከአሪ ደጋ ተነሥቶ በሐመርና በፀማይ በኩል እስከ ኦሞ ታችኛው ቆላ የሚወርደው ምድር በአየር ጠባዩ እጅግ የተለያየ ነው። ስለዚህ የበቆጂን ፕሮግራም እንዳለ መገልበጥ አይበጅም። በቱርሚና በኦሞራቴ ሙቀት ልጆችን በቀትር ማስሮጥ አደጋ ነው፤ ሥልጠናው በማለዳ ወይም ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ የሚጠጣ ውኃ በቅርብ ሳለ መሆን ይገባዋል። የወባ ንዳድ ያለበት ልጅም እስኪያገግም ድረስ ከሩጫ መታገድ አለበት።

የአካባቢው ሕዝቦች በጎብኚዎች ዘንድ በቁመናቸውና በጌጣቸው ስለሚታወቁ፣ «እነዚህ በተፈጥሮ ሯጮች ናቸው» የሚል አባባል አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። ይህ አባባል ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ከብት የሚጠብቅና ገበያ ለመድረስ ረዥም መንገድ የሚሄድ ልጅ ጽናት ሊኖረው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ጽናት ያለ ሥልጠና ሯጭ አያደርግም። ልጁ በተፈጥሮው የተሟላ ነው ከተባለ ደግሞ መምህር አያስፈልገውም ማለት ይሆናል።

በአንጻሩ ከአካባቢው ባሕል መምህሩ የሚማረው ቁም ነገር አለ። በሐመርና በበና ወጣቱ በተደረደሩ ከብቶች ላይ ዘልሎ ወደ ሙሉ ሰውነት ማዕረግ የሚሸጋገረው ቀድመውት በዘለሉ ወጣቶች ታጅቦ፣ በሽማግሌዎች ፈቃድ ነው። ይህ ማለት ታላቅ ታናሹን የሚያዘጋጅበት ሥርዓት በአካባቢው አስቀድሞ ይገኛል ማለት ነው። ሽማግሌዎቹን ሳያማክር ልጆችን የሚሰበስብ አሠልጣኝ አይሰማም፤ ከእነርሱ ጋር የመከረ ግን ሥራውን በእነርሱ ተሰሚነት ላይ ያቆማል።

የመሣሪያ እጥረት ምክንያት ሊሆን አይገባም። 12 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ገመድና ጥቂት ካስማ ያለው መምህር 200 ሜትር መሮጫ ሊያሠምር ይችላል፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው 60 ሜትር የሆኑ ሁለት ቀጥተኛ መሥመሮችንና በገመዱ ልክ የተዞሩ ሁለት ግማሽ ክቦችን በማገናኘት ነው። ለዚህ 86 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ወርድ ያለው ደልዳላ ሜዳ ይበቃል። የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ ርቀትና ሰዓት የሚይዝ አንድ መዝገብ ሲጨመርበት የሥልጠና መነሻ ተገኘ ማለት ነው። ሥራው ለሒሳብ ትምህርትም ያገለግላል።

ከባዱ ችግር የመምህራን አለመርጋት ነው። ወደ ራቁ ወረዳዎች የሚመደብ መምህር ብዙ ጊዜ ዝውውር እስኪያገኝ የሚቆይ ነው። ከላይ እንደ ታየው የተሰሚነት የመጀመሪያ ምንጭ መቆየት ከሆነ፣ ዝውውር የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ጥራት ጉዳይ ነው። ሌላው ችግር የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ እንደ ትርፍ ጊዜ መታየቱ ነው። በክፍለ ጊዜው ልጆቹን ያላየ መምህር ከመካከላቸው ማን ተስፋ እንዳለው ሊያውቅ አይችልም።

ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ እንደ ተመለከተው፣ የረዥም ርቀት አሠልጣኝን ተሰሚ የሚያደርገው የሜዳሊያ ብዛት ሳይሆን ጽናት፣ ተቋም፣ ዕውቀት የማስተላለፍ ልማድና መታመን ነው። ሜዳሊያው የእነዚህ ውጤት ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። አንድም ሻምፒዮን ሳያፈራ፣ በየዓመቱ ልጆችን በጤና ያስሮጠ፣ ሴቶች ልጆችን በትምህርት ገበታ ያቆየና ተተኪ ያዘጋጀ መምህር ሥራውን ፈጽሟል።

በመሆኑም የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች አራት ነገሮችን ቢያጤኑ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ከየአካባቢው ሕዝብ የወጡና ቋንቋውን የሚናገሩ ወጣቶችን ለሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በብዛት ቢቀበሉ፣ የመቆየታቸው ዕድል ይሰፋል። ሁለተኛ፣ በቆላ ወረዳዎች ለሚቆይ መምህር የመኖሪያና የተጨማሪ ትምህርት ዕድል ቢመቻች፣ ዝውውርን ከመከልከል የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ሦስተኛ፣ መምህሩ በሚለቅበት ጊዜ የልጆቹን መዝገብ ለተተኪው የሚያስረክብበት ደንብ ቢወጣ፣ የአንዱ ድካም ለሌላው መነሻ ይሆናል። አራተኛ፣ ማንኛውም ልጅ ለሩጫ ሲባል ትምህርቱን እንዳያቋርጥ፣ ዕድሜውም በሐሰት እንዳይመዘገብ ኃላፊነቱ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር በግልጽ ቢሰጥ፣ የወላጆች እምነት ይጸናል። ከእነዚህ መካከል ሦስተኛው ከአንድ ደብተር በቀር ወጪ የማይጠይቅ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቶች የበላይ መመሪያ ሳይጠብቁ ከሚመጣው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ አንሥተው ሊሠሩበት ይችላሉ።